ማን ልበል? — ስለ ዶክተር ታንጋላንጋና ስለ ፊልሙ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ ሲክስቶ የሚባል ሰው ታሞ አልጋ ላይ ዋለ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) በሽተኛ ጠያቂ በየአገሩ ወግ አለው፤ ብርቱካን የሚይዝ አለ፣ አበባ የሚይዝ አለ፣ ወሬ ይዞ የሚሄድም አለ። የሲክስቶ ወዳጅ ሁልዮ ቪክቶሪዮ ደ ሪሲዮ ግን ሌላ ነገር አሰበ። ስልክ አንሥቶ ጨርሶ ወደማያውቃቸው ሰዎች እየደወለ፣ ኮስተር ብሎ የማይጨበጥ ነገር እያወራ፣ ሲናደዱለትም ስድብ እያወረደባቸው፣ ምልልሱን ሁሉ በቴፕ ቀድቶ ለበሽተኛው ያሰማው ጀመር። ሲክስቶ ሳቀ። ከመጀመሪያዎቹ ተደዋዮች አንዱ የሲክስቶን ውሻ በማከም ረገድ ቅር ያሰኘው የእንስሳት ሐኪም ነበር ይባላል። እውነት ከሆነ ነገሩ ሲጀመር ሳቅ ብቻ ሳይሆን ትንሽ ቂምም ነበረበት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በአንድ ፊልም ምክንያት ነው። «ኤል ሜቶዶ ታንጋላንጋ» ይሰኛል፤ «የታንጋላንጋ ዘዴ» ብንለው ያስኬዳል። አርጀንቲና ውስጥ በሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው በጥር 2023 ነው። ዳይሬክተሩ ማቴዮ ቤንደስኪ ሲሆን መሪ ተዋናዩ ማርቲን ፒሮያንስኪ ነው፤ ሁልዬታ ዚልበርበርግና አላን ሳባግም ይጫወቱበታል። ኮሜዲ ነው፤ ሌላ ነገር ነኝም አይልም። እኔ ግን አይቼው ከሳቅሁ በኋላ ቅር የሚል ነገር ቀረብኝና ወደ እውነተኛው ሰውዬ ታሪክ ገባሁ።

በፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው ሆርሄ ይባላል። በ1960ዎቹ የሚኖር፣ ሰው ፊት መናገር የሚጨንቀው፣ ዓይነ አፋር የቢሮ ሠራተኛ ነው። የልብ ወዳጁ ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እዚያው ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ሴት ደግሞ ልቡን ወስዳዋለች፤ ለሷም ቢሆን አንዲት ቃል ከአፉ አትወጣም። ታዲያ አንድ ቀን በአፍዝ አደንግዝ የሚተዳደር ሂፕኖቲስት እጅ ይወድቃል። ከዚያ ወዲህ ስልክ አንሥቶ መስመሩ ሲከፈት የሚሰማውን ያንን የተጎተተ ድምፅ በሰማ ቁጥር ሌላ ሰው ይሆናል፤ አንደበቱ ይፈታል፣ ድፍረቱ ወሰን ያጣል፣ ማንንም አይምርም። ድምፁ ሲጠፋ ደግሞ ወደ ቀድሞው ሆርሄ ይመለሳል።

ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ለኮሜዲ ደግሞ የተመቸ ነው። ስልክ በየቦታው አለ፤ ዓይነ አፋሩ ሰው መቼ እንደሚፈነዳ ተመልካች እየጠበቀ ይስቃል። እኔን ቅር ያለኝ እዚህ ላይ ነው። እውነተኛው ደ ሪሲዮ ማንም አላፈዘዘውም፤ ማንም አላደነገዘውም። ስልኩን ያነሣው በገዛ እጁ፣ በሙሉ ልቡና ነው። ፊልም ሠሪዎቹ የስሙን ቅጽል ወስደው ስሙን ለውጠውለታል፤ ከዚያም አልፈው ጥፋቱን ከላዩ አንሥተውለታል። በአስማት የሚሳደብን ሰው ማን ይከሳል? በርኅራኄ የሚሳደብ ሰው ግን፣ ማለትም አንዱን በሽተኛ ለማሳቅ ብሎ ሌላውን ጤነኛ የሚያንገበግብ ሰው፣ ከባድ ጥያቄ ነው። ፊልሙ ይህን ጥያቄ በጓሮ በር አሳልፎ የላከው መስሎኛል።

በስልክ ማላገጥ ከስልክ እኩል ያረጀ ነገር ነው ማለት ይቻላል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1876 ነው። ስምንት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በ1884፣ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት በፕሮቪደንስ ከተማ አንድ ያልታወቀ ሰው ለሬሳ ሣጥን ነጋዴዎችና ለቀባሪዎች እየደወለ በሕይወት ላሉ ሰዎች ሣጥንና የለቅሶ ዕቃ እንዲያመጡ ያዝዝ እንደ ነበር የዘመኑ የኤሌክትሪክ መጽሔት ጽፏል። አስቡት፤ የሰው ልጅ ድምፁን በሽቦ አሻግሮ መላክ ገና ከመቻሉ በድምፁ ሌላውን ማሞኘት ጀመረ። በ1970ዎቹ ደግሞ በኒው ጀርዚ ግዛት በጀርዚ ሲቲ ወጣቶች ወደ አንድ መጠጥ ቤት እየደወሉ፣ ሲጠሩ ሌላ ትርጉም የሚሰጡ የሐሰት ስሞችን ባለቤቱ በደንበኞች መካከል ጮኾ እንዲጣራ ያደርጉት ነበር፤ ሽማግሌው ሲነቃባቸው የሚያወርደው እርግማን ተቀድቶ በካሴት ተዛመተ። «ዘ ሲምፕሰንስ» በተሰኘው የካርቱን ፊልም ውስጥ ልጁ ባርት በመጠጥ ቤቱ ባለቤት በሞ ላይ የሚሠራው ተንኮል ከዚህ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ብዙዎች ምንጩ ይኸው ነው ይላሉ። አሜሪካኖች በስልክ አላጋጮች ላይ የራሳቸውን ኮሜዲ ፊልምም ሠርተዋል፤ «ጀርኪ ቦይስ» የተባሉት ሁለቱ የኒው ዮርክ ልጆች በ1995 ራሳቸውን ሆነው ተጫወቱበት፣ ሐያሲያንም አብጠለጠሉት። ስለዚያ ፊልም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ወደ ደ ሪሲዮ ልመለስ። የተወለደው ኅዳር 10 ቀን 1916 ቦነስ አይረስ ውስጥ ነው። ሥራው ከመድረክ ጋር የሚያገናኘው አልነበረም፤ በኮልጌት ፓልሞሊቭ ኩባንያ ለረጅም ጊዜ የሠራ፣ ከረባት የሚያስር፣ ቤተሰብ ያለው ሰው ነበር። ስልክ ላይ ሲሆን «ታሩፌቲ» ነኝ ይል ነበር፤ ሌላም ሌላም ስም ነበረው። «ዶክተር ታንጋላንጋ» የተባለውም በዚሁ ነው። ዶክተርነቱን የሰጠው ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ስሙም ትርጉም ያለው ቃል አይደለም፤ እንዲያው አፍ ላይ ሲንከባለል ደስ የሚል ድምፅ ነው።

ሲክስቶ ሞተ። የሚያስቀው ሰው ሲያጣ ደ ሪሲዮም ስልኩን አስቀመጠ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ሙያውን ሊያሳድግ፣ ካሴት ሊሸጥ፣ ስም ሊያተርፍ የጀመረው ነገር ቢሆን ኖሮ ወዳጁ ሲሞት ባላቆመ ነበር። ዓመታት አለፉ። በ1980 ራሱ በጉበት በሽታ፣ እኛ የወፍ በሽታ በምንለው፣ ታምሞ ቤት ዋለ። የወፍ በሽታ ያመመው ሰው የሚያውቀው ነው፤ መነሣት የለም፣ ቅባት የለም፣ መጠጥ የለም፣ ቀኑ አይመሽም። ያን ጊዜ የድሮው ስልክ ትዝ አለው። አሁን በሽተኛውም አስቂኙም እሱ ራሱ ሆነ። እውነቱን ለመናገር የዚህን ሰው ታሪክ ያስወደደኝ ይህቺ መገጣጠም ናት፤ ፊልሙም ብትኖርበት ኖሮ ምንኛ ባማረበት።

ካሴቶቹ መባዛት ጀመሩ። አንዱ ለወንድሙ ይቀዳል፣ ወንድሙ ለቢሮ ባልደረባው፣ ባልደረባው ለወታደር ልጁ። ቅጂው ከቅጂ ሲቀዳ ድምፁ እየደበዘዘ፣ ሹክሹክታ መሰል ጩኸት እየበዛበት ይሄዳል፤ የኛም ሰው በዘፈን ካሴት የሚያውቀው ነገር ነው። ከአድናቂዎቹ መካከል የአርጀንቲና የሮክ ሙዚቃ ታላቅ ባለቅኔ የሚባለው ሉዊስ አልቤርቶ ስፒኔታ ነበረበት። ያ ረቂቅ ግጥም የሚጽፍ ሰው ከዚህ ባለጌ ካሴት ምን አገኘበት ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ዘመኑን አንርሳ። አርጀንቲና ከመጋቢት 1976 እስከ ታኅሣሥ 1983 በወታደሮች እጅ ነበረች። ሰው ከቤቱ ተወስዶ የሚጠፋበት ዘመን ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን ስልክ የሚፈራ ዕቃ ነው፤ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ስም አይጠራም፣ ይህን የሚሰማ ይኖራል ብሎ ይጠረጥራል። ደርግን ያየ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። እንግዲህ በዚያ ሽቦ ላይ አንድ ሽማግሌ ሲሳደብ፣ ሲቀባጥር፣ ማንንም ሳይፈራ ሲለቀው መስማት ምን እንደሚመስል መገመት ይቻላል። ታንጋላንጋ ስለ ፖለቲካ ይናገር ነበር እያልሁ አይደለም። የጋዜጣ ማስታወቂያ ካወጣ ዕቃ ጠጋኝ ጋር ነው የሚጣላው። ግን አንዳንዴ ከንቱ ወሬ ጮክ ብሎ ማውራትም ለሚሰማው ሰው እፎይታ ነው።

ስልኩ ራሱም ብርቅ ነበር። ኤንቴል የሚባለው የመንግሥት የስልክ ድርጅት በ1990 ወደ ግል እስኪዛወር ድረስ መስመር ለማስገባት ዓመታት መጠበቅ የታወቀ ነገር ነበር፤ ቤት ሲከራይና ሲሸጥ «ስልክ አለው» መባሉ ዋጋ ይጨምር ነበር። ስለዚህም ስልክ ሲጮኽ ይነሣል። የደወለው ማን እንደሆነ የሚያሳይ መስኮት የለውም፤ ደንበኛ ሊሆን ይችላል፣ ዘመድ ሊሆን ይችላል፣ መርዶ ሊሆን ይችላል። ካሴቶቹን ለሚያዳምጥ የዛሬ ዘመን ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ሰዎቹ ለምን ስልኩን አይዘጉትም? መልሱ በከፊል እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያ ያወጣ ነጋዴ እንጀራው በዚያ ሽቦ ላይ ነው። ትዕግሥቱ የጨዋነት ብቻ አይደለም፣ የችግርም ነው። ታንጋላንጋም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ቀልዱ የቆመው በሰዎቹ ትዕግሥት ላይ ነው። ደዋዩን የሚያሳይ ስልክና ሞባይል ከመጡ በኋላ ይህ ዓይነቱ ቀልድ እንደ ድሮው አልሆን ማለቱ አይገርምም።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልናዘዝ። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ በሰፈራችን ስልክ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ጥቁሩ፣ ቁጥሩ የሚዞረው። ባለቤቶቹ ወጪ ፈርተው መዘውሩን በትንሽ ቁልፍ ይቆልፉታል። የቤቱ ልጅ ግን ብልሃት ነበረው፤ ማረፊያውን በጣቱ እየመታ፣ ለሦስት ሦስቴ፣ ለሰባት ሰባቴ፣ ቁልፉን ሳይነካ ይደውል ነበር። አዋቂ ሲወጣ ያገኘነውን ቁጥር እየመታን «ቤታችሁ ተቃጥሏል» እንላለን፣ «ዶሮ ወጥ ደርሷል?» እንላለን። አንድ ቀን ተራው የኔ ሆነ። ያነሣችው ሴት ገና «ሃሎ» ሳልል «ከካርቱም ነው?» አለች። ዝም አልሁ። «ሃሎ… ልጄ፣ ከካርቱም ነው? አይሰማም፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ» አለች። ጓደኞቼ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ዘጋሁት። ያኔ ስንት ወጣት በሱዳን በረሃ አድርጎ እንደ ወጣ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ቁጥሩን ደግሜ ላገኘው አልችልም፤ ብልሃተኛው ልጅም የመታው በግምት ነበር። የታንጋላንጋን ካሴት ስሰማ ከሽቦው ማዶ ያለውን ድምፅ አስቀድሜ የማዳምጠው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ለታንጋላንጋ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ እሱ የሚደውለው ለእንዲህ ያሉ ሰዎች አልነበረም ማለት ይቻላል። ከጊዜ በኋላ ሰዎች ራሳቸው የሚደወልለትን ይጠቁሙት፣ የማስታወቂያ ቁራጭ ያመጡለት ነበር፤ ተደዋዮቹም አብዛኞቹ አንድ ነገር የሚሸጡ፣ አንድ ነገር እናውቃለን የሚሉ ናቸው። ካሴቶቹ በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ በይፋ ታትመው መሸጥ ሲጀምሩ ስሙ ገነነ። ፊቱ ግን አይታወቅም። ሕዝብ ፊት ሲቀርብ ሰው ሠራሽ ጢም ለጥፎ፣ መነጽር አድርጎ፣ ቆብ ደፍቶ ነበር። በመድረክ ላይ ስልክ ይዞ ተመልካች እየሰማ ይደውል ጀመር። ታኅሣሥ 26 ቀን 2013 ሲሞት ዕድሜው 97 ነበር። በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ለተጀመረ ሥራ ረጅም ዕድሜ ነው።

አሁን ስፒኔታ ምን አገኘበት ወዳልሁት ልምጣ። መልሱ ቋንቋ ይመስለኛል። ቦነስ አይረስ የስደተኞች ከተማ ናት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ከጣሊያን የጎረፈው ሕዝብ ከስፓኝኛው ጋር ተደባልቆ «ሉንፋርዶ» የሚባል የከተማ ቋንቋ ፈጠረ። የእኛን የአራዳ ቋንቋ አስታውሱ። በውስጡ «ቬስሬ» የሚሉት አነጋገር አለ፤ የቃሉን ክፍለ ድምፆች መገልበጥ ነው፤ «ታንጎ»ን «ጎታን» ይሉታል። ልጆች ሆነን በወፍ ቋንቋ ያወራን ሁሉ ጣዕሙን እናውቀዋለን። ሉንፋርዶ የወንበዴና የሥራ ፈት ቋንቋ ነው ተብሎ ብዙ ከተናቀ በኋላ በ1962 በስሙ አካዳሚ ተቋቁሞለታል። እንግዲህ ደ ሪሲዮ ለሲክስቶ ብሎ ስልክ ያነሣው በዚያው ሰሞን አካባቢ ነው። አንዱ ወገን በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስቦ መዝገበ ቃላት ይሠራል፤ ሌላው በሽቦ ላይ ቋንቋውን ይለቀዋል። ታንጋላንጋ የሌለ ቃል በመፍጠር የተካነ ነው። በዓረፍተ ነገር መካከል ትርጉም የሌለው ቃል ያስገባል፤ ግን በቦታው ነው፣ በሰዋስው ልክ ነው፣ ዜማው ትክክል ነው። ሰሚው የተረዳ ይመስለዋል። ለጥቂት ጊዜ ይከተለዋል። ከዚያ እግሩ ሥር መሬት እንደሌለ ይታወቀዋል። ይህ የባለቅኔ ሥራ ነው፤ ባለጌ ባለቅኔ ቢሆንም።

ደግሞ አንቱታው አለ። በቦነስ አይረስ ስፓኝኛ ለቅርብ ሰው «ቮስ» ይባላል፣ ለማያውቁትና ለሚያከብሩት ሰው «ኡስቴድ»። ታንጋላንጋ ሲጀምር የድሮ ጨዋ ነው፤ ድምፁ የሽማግሌ፣ አነጋገሩ በ«ኡስቴድ»፣ ሁሉም ነገር በወግ። ስድቡ ሲመጣም አክብሮቱ ወዲያው አይነሣም። ሰውየውን በአንቱታ ይሰድበዋል። የኛ አለቃ ገብረ ሃና ቢሰሙት ምን ይሉ ነበር እላለሁ፤ እሳቸው ነገሩን በሰምና ወርቅ ሸፍነው፣ ሰውየው ቤቱ ደርሶ እንዲገባው አድርገው የሚወጉ ናቸው፤ ይህ ደግሞ ስድቡን በአደባባይ አውጥቶ የሸፈነው በሰዋስው ብቻ ነው።

ከቅጂዎቹ አንዱን ወደ አማርኛ ልመልሰው ሞክሬ ነበር፤ ለኅትመት አይደለም፣ ለአንድ ታሞ ለተኛ ወዳጄ ነው። ስፓኝኛዬ ደካማ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ስድቡ አልከበደኝም፤ አማርኛ በስድብ የታወቀ ሀብታም ነው። የሌሉትን ቃላትም እንደ ምንም ፈጠርኋቸው። የከበደኝ ያ የመታጠፊያው ቦታ ነው። «እርስዎ ደደብ ነዎት» ብል ለጆሮ ያስቃል፣ የሰውየውም ቀልድ ይጠበቃል፤ «አንተ ደደብ» ብል ቁጣው እውነተኛ ይሆናል፣ ከማዶ ያለውም ሰው የምር ይጎዳል። አንዱን መርጬ ለወዳጄ ሳነብለት እሱ ሌላውን ይሻላል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደ ሰረዝሁት አላውቅም። ለጊዜው በእርሳስ «እርስዎ» ብዬ ጽፌዋለሁ።